ሚናጊ ይቅርታ የጠየቀችበት ቅዳሜ

ቶኪዮ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን

ለታናሽ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ወደባችን ሃቺኖሄ በረዶ ለብሳ ይሆናል። እንዴት ከርመሻል? አምና በብርዱ ወራት ያስቸገረሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አሁንም በሌሊት ተነስቶ የመኪናውን በረዶ ይጠርጋል? እናታችን ከአንቺ ዘንድ መሆኗ እኔን እዚህ እፎይ ያሰኘኛል፤ ሳልጠይቃት ስለከረምኩ ከወቀሰችኝ እውነቷን ነው። እኔ ከትከሻዬ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። አንድ ሰው ብቻውን ሲኖር ደኅና ነኝ የሚለው ቃል ብዙ ነገር አይጠይቅም።

የላክሽልኝ ፖስታ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ውስጡ የአንቺ አንዲት ቃል አልነበረችም፤ ያለው የኮቶኔ ወረቀት ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅሽ ዋና ተምራ ስትመለስ የጎረቤት ጃንጥላ አውቶቡስ ውስጥ ረስታ ወረደች፤ ከወረቀቱ የተረዳሁት ይህን ነው። እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «በእኔ ግድየለሽነት ላስጨነቅኋችሁ ሁሉ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ራሴን መለስ ብዬ ተመልክቻለሁ። እንደገና የምታመን ለመሆን እተጋለሁና እባካችሁ አትተዉኝ።» በጥቁር ቀለም፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ ከታች ስሟና ቀኑ። ለአንድ ጃንጥላ።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ልጅቷ ከራሷ እንዳላመጣቻቸው አንቺም እኔም እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ በምጽፈው የካርቱን ፊልም አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ከሚናጊ አፍ ሰምታቸዋለች። አንቺ ግን ከሁለቱም በፊት ታውቂያቸዋለሽ፤ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በልጃገረዶች የዘፈን ቡድን ውስጥ ሳለሽ፣ በገዛ እጅሽ ጽፈሻቸዋል። ወረቀቱን ያለ ቃል የላክሽው ለዚህ ይመስለኛል። እኔም ብሆን ምን እንደምጨምርበት አላውቅም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት በሙታን መታሰቢያ ሰሞን የአባታችንን የመቃብር ድንጋይ ስናጥብ፣ በወደብ ከተማ ስለሚዘፍኑ አምስት ልጃገረዶች ተከታታይ የካርቱን ፊልም እንድጽፍ መታዘዜን ነገርኩሽ። ውሃውን በድንጋዩ ላይ እያፈሰስሽ፣ ቀና ሳትዪ፣ «ከከተማ ሁሉ መርጠሽ መርጠሽ ወደብ!» አልሽኝ። ከአምስቱ አንዷ፣ እናንተ እንደተከለከላችሁት፣ ከወንድ ልጅ ጋር ትታያለች ስልሽ ጭልፋውን አስቀመጥሽው። «እሷም ይቅርታ ትጠይቃለች?» አልሽ። «አትጠይቅም» አልኩሽ። «እስቲ ማዪ» አልሽ። «አባቴ ይሙት» ብል፣ ድንጋዩን አይተሽ፣ «እሱማ ሞቷል፤ ሌላ ሰው ጥሪ» ብለሽ ሳቅሽ። ከስንት ዓመት በኋላ ስለዚያ ነገር ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ «እንግዲያው ከኮቶኔ ጋር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ» አልሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ሥራ የፈለግሁት ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ነበር። ሳላደርጋት ቀረሁ። እንዴት እንደቀረች በተራ በተራ ልንገርሽ። በመጽሔት ቤት ያሳለፍኳቸው ዓመታት ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ነገርን በተራው መናገር ነው።

ሚናጊ ማን እንደሆነች ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በቡድኑ ውስጥ መለያ ቀለሟ ሐምራዊ ነው፤ ስትጨፍር እርምጃዋን በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ በመድረክ ቀሚሷ መልበሻ ክፍል ተቀምጣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ደረቅ ሥጋ ታኝካለች። ይህን ሁሉ ሳልጠይቅሽ ከአንቺ የወሰድኩት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በታየ ዕለት፣ «ስኩዊዱን እንኳ አልማርሽውም» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደስ ያለሽ መስሎኝ ነበር።

የአሥራ ሦስት ክፍል ፊልም የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልማድ አለ። ሦስተኛው ላይ ልጆቹ ይጣላሉ፤ ስድስተኛው ላይ የመዋኛ ልብስ ለብሰው ይታረቃሉ፤ አሥራ አንደኛው ላይ አንዷ ታለቅሳለች፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ይዘፍናሉ። እኔ አሥራ አንደኛውን ያለ ልቅሶ ጻፍኩት። የሚናጊ አሠሪዎች በእጇ የተጻፈ የይቅርታ ወረቀት ይዛ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እንድታነብ ያዟታል። መድረክ ላይ ትወጣለች። የመድረክ ቀሚስ ኪስ ስለሌለው ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ጫማዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከዚያ ትዘፍናለች። ዘፈኑ አልቆ ሰው ሁሉ ዝም ሲል፣ መጀመሪያ ከኋላ በአንድ አድናቂ እጅ አንድ ሐምራዊ መብራት ብድግ ይላል። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ግንቦት ላይ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አራት ሰው ተቀምጦ አነበበው። ዳይሬክተሩ አቶ ኩዋባራ ይባላል፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ግራና ቀኝ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ይበላል፣ ሰክቶም ይተኛል ይላሉ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «ይቺን ልጅ የነካት ወዮለት» አለ። ከሙዚቃ ኩባንያው የመጣው አቶ ታካናሺ እንኳ፣ «ትንሽ ደረቅ ናት እንጂ ቆንጆ ናት» ብሎ አለፈው። የዚያን ቀን ማታ ስልክ ደውዬ «አለፈ» ያልኩሽ ይህንን ነበር።

መስከረም ላይ ሳዋኮን ፎቶ አነሷት።

ሳዋኮ ለሚናጊ ድምፅ የምትሰጠው ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንቺ በምትዘፍኚበት ጊዜ ይህ አልነበረም፤ ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት ልጆች ራሳቸው የገጸ ባሕሪዎቹን ቀሚስ ለብሰው መድረክ ይወጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ለተመልካች ሳዋኮና ሚናጊ አንድ ናቸው። ፎቶው ላይ ከአንድ ወጣት ጋር ከኑድል ምግብ ቤት ስትወጣ ትታያለች፤ ልጁ የሹራቧን ኮፍያ ከኋላ ይዟል። ሌላ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ከተቆጡ አድናቂዎች ለሁለት የተሰበሩ የዘፈኗ ዲስኮች በፖስታ ይመጡላት ጀመር።

ለፊልሙ ገንዘብ ያወጡት የባለድርሻዎቹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አቶ ታካናሺን ክፉ ሰው አድርጌ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። የቀይ ባቄላ ጣፋጭ ይዞ መጥቶ ለሁሉም በእጁ አደለ፤ ለእኔ ሁለት ሰጠኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እኔ ልጅቷን አልጠላኋትም፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ግን እስቲ ያስቡት፤ ሳዋኮ በዚህ ሳምንት ይቅርታ ትጠይቃለች። ከሦስት ወር በኋላ ሚናጊ በዚያው በሳዋኮ ድምፅ ‹አልጠይቅም› ብትል ሰው ምን ይላል? ‹ያኛውም ውሸት ነበር› ነው የሚለው። ያን ጊዜ ልጅቷን ማንም አያድናትም።» ቀጠለና፣ «ስለዚህ ወይ ጽሑፉ ይለወጣል፣ ወይ ድምፅ የምትሰጠው ትለወጣለች። እርስዎ ይምረጡ፤ እኛ እናከብራለን» አለኝ። ሲጨርስ ከልቡ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝ።

እርስዎ ይምረጡ! በዚህ አገር እንዲህ የሚባለው የሚመረጥ ነገር ሲያልቅ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ኩዋባራ ከማሽኑ የገብስ ሻይ ገዝቶ ሰጠኝ። «ምን ትላለህ?» አልኩት። እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ ሲያየው ቆየና፣ «ሥዕል አይርበውም» አለኝ። «ሚናጊን ብትበድያት ነገም ሐምራዊ ናት፤ ነገም አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሳዋኮ ግን የቤት ኪራይ አለባት።» እህቴ፣ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ምናልባት ልጅቷን ራሷን ትጠይቂያት ነበር። እኔ አልጠየቅኋትም። ጽሑፉን እለውጣለሁ አልኩ።

ስህተቴን የሠራሁት ግን እዚህ ላይ አይደለም። ስህተቴ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ብልጠት ነው። እምቢ ማለት ካልቻልኩ ይቅርታውን እጽፈዋለሁ፤ ግን ሬሳ አድርጌ እጽፈዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በየሳምንቱ ከየዘፋኝ ቡድኑ የሚወጡትን፣ ሁሉም ሰው ያነበባቸውን እነዚያን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንድ ፊደል ሳልለውጥ በሚናጊ አፍ ላይ ላስቀምጥ፤ የሚሰማ ሁሉ የማንም ሰው ቃል እንዳልሆኑ ይሰማዋል፤ በአንዲት ልጅ ላይ ምን እየተደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል። ለአቶ ኩዋባራ ነገርኩት፤ ደስ አለው። «ሳዋኮ ባቡር ሲዘገይ ጣቢያ ውስጥ እንደሚለፈፈው አድርጋ ታንብበው፤ እኔ ፊቷን አላሳይም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳያለሁ። አርባ ሰከንድ ሰዓት ብቻ!» አለ። «አንቺ እኮ ተንኮለኛ ነሽ» ብሎም ሳቀ። ታካናሺ አዲሱን ጽሑፍ አንብቦ ምንም አልጠረጠረም፤ «በጣም ጨዋ ሆነ» ብሎ አመሰገነኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት የሳዋኮ አሠሪዎች ልጅቷን ወደ ቤቴ ላኳት። ሚናጊን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ የሳዋኮንም ወረቀት እንድጽፍላት ጠየቁኝ፤ ሕዝቡ የለመደው የእኔን ቃል ነው አሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት በከረጢት ይዛ መጣች። ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ተቀዶ አየችና፣ «ይቅርታ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ይኸው ጀመርኩት!» ብላ ሳቀች።

ተቀመጥን። በእኛ ሥራ ጸሐፊ እንደሚጠራው፣ «መምህሬ፣ እኔ ምንድነው ያጠፋሁት?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ታዲያ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?» «እኔ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ጻፊ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ልጁ እኮ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ አይደለም። ሲበላ ድምፅ ያሰማል። ኮፍያዬን የያዘው ስለወደደኝ እንዳይመስልሽ፤ ሳልከፍል ልወጣ ስል ነው» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቃል በቃል ነገርኳት። እዚህም እዚያም ቃል ቀያይሬአለሁ እንጂ ያው ሦስቱ ናቸው። ስርዝ ያለበት ወረቀት እውነተኛ አይመስልም ተብላ ስለነበር በተሳሳተች ቁጥር ከላይ ትጀምራለች። በዘጠነኛው ወረቀት ላይ ተሳካላት። አላለቀሰችም። እጇን እያፍታታች፣ «የትምህርት ቤት ቅጣት ይመስላል» አለችና ፎቶ አንስታ ላከችላቸው።

ድምፁ የተቀዳው በጥቅምት ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እኔና አቶ ኩዋባራ ከመስታወቱ በዚህ በኩል፣ ሳዋኮና ሌሎቹ አራቱ ከወዲያ። አቶ ኩዋባራ ቁልፉን ተጭኖ፣ «ሳዋኮ፣ እንደተባባልነው የባቡር ጣቢያ አድርጊልኝ። ስሜት አልፈልግም» አላት። «እሺ፣ የዘገየ ባቡር» አለች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደዚያ አነበበችው፤ ልክ እንደፈለግነው ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛው ላይ «ራሴን መለስ ብዬ» አለችና ቆመች። ወረቀቱን አየች። ያን ጊዜ ይመስለኛል ከሦስት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ ዘጠኝ ጊዜ የጻፈችው መሆኑን ጆሮዋ የሰማው። ቀጠለች፤ ግን ድምፁ ሌላ ሆነ። «እባካችሁ አትተዉኝ» ስትል አላነበበችም፤ ለመነች። ኋላ የቆሙት አራቱ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ድምፅ ቀጂው ራሱ አንገቱን ደፋ።

አቶ ኩዋባራ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «ይኸው ነው» አለ በቀስታ።

«ተስማምተን ነበር እኮ» አልኩት። «ተስማምተን ነበር» አለ። «እንግዲያው ይደገም» አልኩት። ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አርባ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ጣለው ትይኛለሽ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም በዚያች ደቂቃ ጣለው ለማለት አንደበቴ አልታዘዘኝም። በጣም ያምር ነበር። አስቀያሚ ይሆናል ብዬ የጻፍኩት ነገር ማማሩ ነው የገደለን። ባዶ ቃል ባዶነቱ ይታወቃል ብዬ ነበር፤ አንድ ሰው ሥቃዩን ሲያፈስበት እንደሚሞላ ግን ረሳሁ። አንቺ ያነበብሽ ቀንም እንደዚያ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያለቀሰው በእኔ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በአንቺ ጉሮሮ ነው።

ሳዋኮ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። «መምህሬ፣ አበላሸሁት አይደል?» አለች። «አላበላሸሽም» አልኳት። አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «ለሚናጊ አዘንኩላት እኮ። እሷ ምንም አላጠፋችም» አለችኝ።

የግድግዳው ሰዓት ቀረ። አቶ ኩዋባራ ከስቱዲዮው ሁሉ የተሻለውን ሠዓሊ ለእነዚያ አርባ ሰከንዶች ሦስት ሳምንት ሰጠው፤ ሠዓሊው የሚናጊን ጣቶች፣ የወረቀቱን መንቀጥቀጥ፣ ከአገጯ ጫፍ ላይ ሳይወድቅ የቆየውን እንባ ሣለ። የቀረውን አንቺ ከኮቶኔ ጋር አይተሽዋል። ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽው ይሆን? ወይስ ልጅቷ እንዳትጠይቅሽ ብለሽ እስከ መጨረሻው ተቀመጥሽ?

ከቅዳሜ ወዲህ የሚመጣልኝን ብነግርሽ አታምኚኝም። ታካናሺ ፍራፍሬ በሳጥን ላከልኝ። ጋዜጣ ላይ አንድ ሰው «ስለ ኃላፊነት ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ክፍል» ብሎ ጻፈ። ከናጋኖ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ እንዳሳያቸው፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው ለበደሉት ሰው እንደ ሚናጊ በእጃቸው እንዲጽፉ እንዳደረገ ገልጾ አመሰገነኝ። ያን ደብዳቤ ባነበብኩ በማግስቱ ነው የአንቺ ፖስታ የደረሰኝ። አቶ ኩዋባራ ስልክ ደውሎ፣ «ደስ ይበልሽ እንጂ፤ ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ልጅቷን የነካት ወዮለት ብለህ ነበር» አልኩት። «ለእኔ ወዮልኝ» አለ፤ ሌላ አልተነጋገርንም።

ይህ ሁሉ ለሳዋኮ ከበጃት እሺ፣ ይሁን፤ ልጅቷ እንጀራዋን አታጣም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ አሠሪዎቿ መግለጫ አወጡ። ሳዋኮ በመጋቢት «ትመረቃለች»። አንቺን ሲያስወጡም እንዲሁ ነበር ያሉት፤ በእኛ ሥራ መባረር ምርቃት ይባላል፤ አበባ ይሰጥበታል፤ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ይህን ያህል ያለቀሰች ልጅ ከእንግዲህ ስትስቅ ሰው አያምናትም ብለው ነው አሉ። ሚናጊ ለሌላ ድምፅ ትሰጣለች። ሳዋኮ አጭር መልእክት ልካልኛለች፦ «መምህሬ፣ አንድ የመሰናበቻ ቃል ትጽፊልኛለሽ? አጭር ይሁን፤ እጄን ያመኛል።» እስካሁን አልመለስኩላትም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ አንዷን ለማዳን ሌላዋን ሰጠሁ፤ አሁን ሁለቱም የሉም።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ደብዳቤው እንደ ሪፖርት ሙሉ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ሁሉም አለበት። የጎደለው ለምን የሚለው ብቻ ነው። ለምን ለዚያች ለአንዲት ክፍል ይህን ያህል እንደታገልኩ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ስለምትወጂኝ፣ ለአንቺ ብዬ ይመስልሻል።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በየካቲት፣ ከሃቺኖሄ የደወልሽልኝን አስታውሺ። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ እኔ እዚህ በሳምንታዊው መጽሔት ተለማማጅ ነበርኩ። እያለቀስሽ፣ «እትዬ፣ ጻፊ አሉኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልሽኝ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ነገርኩሽ። አንቺም በለቅሶሽ መሐል፣ «እንዴት እንዲህ ቶሎ መጣልሽ!» ብለሽ ተደነቅሽ። ቶሎ አልመጣልኝም። ከመደወልሽ ከሁለት ቀን በፊት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ነበር።

ከአባታችን ቀብር በኋላ በአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያው፣ ሳህን እያጠብን፣ ሌላም ነገር ጠየቅሽኝ። «ያን ማክሰኞ ከልጁ ጋር የዓሣ ማሳያው ቤት እንደምንገናኝ ፎቶ ያነሱን ሰዎች እንዴት አወቁ? ለእናታችን እንኳ አልነገርኩም» አልሽ። እኔም፣ «አድናቂ የሚባል ሰው የማያውቀው ነገር የለም» አልኩሽ። አመንሽኝ፤ «እውነትሽን ነው» ብለሽ ሳህኑን አቀበልሽኝ። የዚያን ማክሰኞ ነገር ለስንት ሰው እንደነገርሽ እኔ አውቃለሁ፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ ብታስቢው ታውቂዋለሽ። ብዙ ሰው አይደለም። ያን ልጅ እንደምን እንደምትወጂው በስልክ ያወራሽልኝ እሑድ ነበር፤ ሳቅሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የዚያ ሳምንት መጽሔታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በአርባ ስድስተኛው ገጽ ከአንቺና ከልጁ ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ የጸሐፊ ስም የለበትም። ተለማማጅ በጻፈው ላይ ስም አይወጣም ነበር። ተለማማጆቹ አምስት ነበርን። ሚያዝያ ላይ ከአምስቱ አንዷ በቋሚነት ተቀጠረች፤ አንቺም «እንኳን ደስ አለሽ» ብለሽ፣ ካባረሩሽ በኋላ በዓሣ ገበያ ሠርተሽ ባገኘሽው ገንዘብ፣ ብዕር ገዝተሽ ላክሽላት።

ለአንቺ የሚሆን ቃል ፍለጋ ሦስት ቀን ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። ስጀምር የሚመጣልኝ «ላስጨነቅኋችሁ» ነው። እሱን ስተወው «መለስ ብዬ» ይመጣል። እሱንም ስተወው «አትተዪኝ»። ሌላ ቋንቋ አጣሁ፤ ያለኝን ሁሉ ለሌላ ሰው ጽፌ ጨርሻለሁ። ስለዚህ አልጠይቅሽም። የሆነውን ብቻ ጽፌልሻለሁ፤ እንዲያውም ሁሉንም አልጻፍኩትም፤ የቀረውን አንቺ ትጽፊዋለሽ።

መልስ ባትልኪ አልቀየምም። አዲስ ዓመትን ሃቺኖሄ ልምጣ ወይ ብዬም አልጠይቅሽም፤ እናታችን ከጠየቀችሽ ሥራ በዝቶባት ነው በያት፤ ያ ለእሷ ይበቃታል።

ቤትሽን ሰላም አያሳጣው። የባለቤትሽን መንገድ ያቅናለት። እናታችንን ያቆይልሽ። ልጅሽ የምትዘፍን ከሆነች በራሷ ድምፅ ትዝፈን፤ የምትወደውም ሰው ቢኖር የምትነግረውን ሰው መርጣ ትንገር።

ካንቺ በአምስት ዓመት ቀድማ የተወለደችው
እህትሽ